ላሟ በረት ሳትገባ

ተረት በቀን አይነገርም። ሕጉን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም፤ እናቴም ከእናቷ ነው የሰማችው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ተረት ያወራ ሰው፣ ሜዳ ላይ የዋለ ከብቱ መንገድ ይስትበታል። ለምን ቢባል፣ ተረት የሚጀመረው ተናጋሪው «ተረት ተረት» ሲል ሰሚው «የላም በረት» ብሎ ሲመልስለት ነው። ላሟ ገና ሜዳ ላይ ሆና በረቷን አስቀድሞ መጥራት ደግ አይደለም። በቃ፣ ነገሩ ይኼው ነው። ሌላ ምርምር የለውም።

ይኼንኑ ለመምህር ጌታሰው ብነግረው ሳቀብኝ።

የመጣው ጠዋት ነው። እኔ ግቢዬ ውስጥ ብቅል አሰጣለሁ፤ ብቅልና ጌሾ እየሸጥኩ ነው የምኖረው። እሱ ከፊት፣ ማስተዋል ከኋላው ደብተሯን አቅፋ ገቡ። ማስተዋል እኔ ቤት ተከራይታ የምትማር የስምንተኛ ክፍል ልጅ ናት። ቤተሰቦቿ ደሃና ወረዳ ናቸው፤ አባቷ በገበያ ቀን ስንቋን በአህያ ጭኖ ይመጣል።

«እትዬ የትናየት» አለኝ መምህሩ፣ «ዓርብ በትምህርት ቤታችን በዓል አለ። ጎበዝ ተማሪዎች ይሸለማሉ። ልጆቹ ራሳቸው ጽፈው ሥዕል የሠሩላቸው የተረት መጻሕፍትም ይመረቃሉ። የማስተዋል መጽሐፍ አንደኛ ወጥቷል።»

«እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ! ታዲያ እኔ ዘንድ ምን አመጣህ? እሷን ሸልማት።»

«ተረቱ የእርስዎ ነው አለችን። መድረክ ላይ ወጥተው በራስዎ አፍ ቢነግሩልን ብለን ነው። ከዞን እንግዳ ይመጣል።»

«ስንት ሰዓት ነው?»

«ጠዋት ሦስት ሰዓት።»

«ሲመሽ አድርጉትና እመጣለሁ።»

«ሲመሽማ ሕፃናቱ እንዴት ይሆናሉ? መብራቱም አይታመንም።»

«እንግዲያው አልመጣም።»

ያን ጊዜ ነው የከብቱን ነገር የነገርኩት። ግቢዬን ዞር ዞር ብሎ አየ። ያለችኝ አንዲት ዶሮ ናት፤ እሷም ብቅሉን ለመልቀም እያደባች ነው።

«ከብት የለዎት እኮ እትዬ! ምን ይጠፋብኛል ብለው ነው?» ብሎ ሳቀ። ክፉ ልጅ አይደለም። ወጣት ስለሆነ ነው።

እኔ ብቅሌን ማገላበጤን ቀጠልኩ። ማስተዋል አልሳቀችም። እሷ ታውቃለች።

እኔ አንድ ልጅ ነው ያለኝ፤ ለተሥላሴ ትባላለች። ዐሥረኛ ክፍል ላይ ትምህርቷን ጥላ፣ ከጓደኞቿ ጋር በባሕሩ መንገድ ዐረብ አገር ሄደች። ደረሰች ሲሉኝ እልል አልኩ። ሰው ቤት ተቀጠረች። መጀመሪያ መጀመሪያ ትደውል ነበር፤ ይኼን ምስል የሚያሳይ ስልክም የላከችልኝ እሷ ናት። ከፋሲካ ወዲህ ግን ድምጿ የለም። ቁጥሯ አለ፤ እሷ ናት የጠፋችው። ሜዳ ላይ ያለ ከብት የለሽም ሲለኝ እንግዲህ ምን ልበለው?

እሷ ከሄደች በኋላ ቤቱ አፉን ዘጋ። ተረት ብቻህን አይወራም፤ «የላም በረት» የሚል ይፈልጋል። ማታ ማታ እሳቱ ዳር ቁጭ ብዬ ነገሬን እውጠዋለሁ። አንድ ምሽት ግን አመለጠኝና ለማንም ሳይሆን «ተረት ተረት» አልኩ። ከግድግዳው ወዲያ፣ ያቺ የደሃና ልጅ በሶላር መብራቷ እያጠናች ነበር።

«የላም በረት» አለች።

ክው አልኩ። ገና መግባቷ ስለነበር እንኳን ተረት ሰላምታም በቅጡ አልተለዋወጥንም።

«ማነሽ አንቺ፣ ተደብቀሽ ትሰሚያለሽ እንዴ?»

«አንቱ ነዎት የጠሩኝ» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ሲመሽ ወደኔ ትሻገራለች። እኔ ግማሹን በአገራችን ቋንቋ በኽምጣና፣ ግማሹን በአማርኛ አወራላታለሁ፤ እሷ ጉልበቷን አቅፋ ትሰማለች። ከሁሉ የወደደችው የደመና ጥላ የተከተለችዋን ጥጃ ነው። መጽሐፍ ያደረገችው እሱን ነው፤ በአንዱ ገጽ በኽምጣና፣ በሌላው ገጽ በአማርኛ ጻፈችው። እኔ ሳላውቅ ነው እንግዲህ።

መምህሩ ከሄደ በኋላ «መጽሐፉስ ኃጢአት አይደለም እንዴ?» ብዬ አፋጠጥኳት። «ሰው በቀን ገልጦ ያነበዋል።»

«መጽሐፍ አይናገርም እትዬ። ዝም ብሎ ነው የሚነበበው።»

የተማረ ልጅ ቤት ማስገባት ይኼ ነው መዘዙ።

በገበያው ቀን አባቷ ይግዛው መጣ። አህያውን ደጄ ላይ አስሮ የበሶውንና የድርቆሹን ከረጢት አወረደ። ውኃ ጠጥቶ ሰማዩን አየ።

«የትናየት፣ ዓርብ መምጣት አልችልም። ዝናቡ ያዘ፤ በሬ ጠምዶ የሚውል ሰው ጥሎ አይመጣም። ልጅ ሲሸለም ወላጅ አብሮ ይወጣል አሉኝ። አንቺ ውጪልኝ።»

«እወጣለሁ። አፌን ግን አልከፍትም።»

«አፍሽን ዘግተሽማ ማን ያውቅሻል? ሌላ ሴት ላኩ ይሉናል!»

ከት ብሎ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ የአህያውን ገመድ እየፈታ፣ እንደ ቀላል ነገር፣ «ለመስከረምም ባሕር ዳር ልጄን ይቀበሏታል፤ ጎበዞች የሚያድሩበት ትምህርት ቤት ነው አሉ። ምግቡም ከነሱ ነው። እንግዲህ አንቺንም አሳርፍሻለሁ» አለኝ።

«ምን አልክ?»

«አልነገረችሽም እንዴ?»

አልነገረችኝም። ገበያ ወጥቼ ጌሾዬን ስሸጥ ዋልኩ፤ የቱን ለማን እንደሸጥኩ አላውቅም።

አመሻሹ ላይ ስትመጣ እሳቱን እየቆሰቆስኩ፣ ፊቴን ሳላዞር «ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ቀን ገበያ ነዎት። ሲመሽ እነግራለሁ እልና፣ ሲመሽ አንቱ ተረት ይጀምራሉ» አለችኝ። አንገቷን ደፍታ ምድጃው ዳር ያለውን አመድ በጭራሮ ትጭራለች። «ዓርብ እንዲናገሩልኝ የፈለግኩትም ለሱ ነው። እዚያ ማንም የለኝም። ድምፅዎን ስልክ ላይ ይዤ ልሄድ ነው።»

ልናደድባት ተዘጋጅቼ ነበር፤ ንዴቱ ከየት ይምጣልኝ። ግን እሺም አላልኳት። አንዷን ልጅ ለማስደሰት የሌላዋን መንገድ አላጠፋም። ይኼን በልቤ ነው ያልኩት፤ ለሷ «ብዪ እራትሽን ብዪ» አልኳት።

ዓርብ ደረሰ። ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ። ጎረቤቴ ደጅይጥኑም ተከተለችኝ፤ እሷ ድግስ በሸተተበት ሁሉ አለች።

ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ዳስ ጥለዋል። መጻሕፍቱን ከዛፍ ዛፍ በተወጠረ ሲባጎ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ሰቅለዋቸዋል፤ ነፋሱ ሲመጣ እንደ ሕፃን ልብስ ይወዛወዛሉ። ጅብ የተሣለበት አለ፤ ዝንጀሮ ብርሌ ይዞ የቆመበት አለ። ልጆቹ ከሥር አንጋጠው ያነባሉ፤ ያልደረሰበትን ጓደኛው በጀርባው ያነሣዋል። የማስተዋልን መጽሐፍ ከሩቅ ለየሁት። ሽፋኑ ላይ አንዲት ቀይ ጥጃ አለች፤ ከፊቷ ያለው መሬት በእርሳስ ጠቁሯል። ጥላው መሆኑ ነው። ልቤ እዚያው ላይ ሄደ። ከአፌ የወጣ ነገር ገመድ ላይ ተሰቅሎ ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

«ያንቺ ነው?» አለችኝ ደጅይጥኑ።

«የሷ ነው።»

«የጥጃዋ እግር ግን አምስት አይደለም እንዴ?»

«ጅራቷ ነው፤ ዝም በይ።»

ንግግር ሆነ፣ መዝሙር ሆነ። ከዚያ ጎበዞቹን በስም መጥራት ጀመሩ። እያንዳንዱ ልጅ ከእናቱ ወይ ከአባቱ ጋር ይወጣል፤ እናት እልል ትላለች፤ እንግዳው መጽሐፍ ያስታቅፋቸዋል። አንዲት እናት ልጇን መድረክ ላይ እንደ ሕፃን አዝዬው ካልወረድኩ ብላ ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ለተሥላሴ ሦስተኛ ክፍል እያለች ተሸልማ ነበር፤ ትዝ አለኝ። ያን ቀን ጌሾ ላመጣ ሄጄ አልነበርኩም። ማን እንዳጨበጨበላት እንኳ አልጠየቅኳትም።

«ማስተዋል ይግዛው!»

ተነሣሁ። ስልኬን ለደጅይጥኑ ሰጠኋት፤ ፎቶ አንሺን ብዬ። እጄን ማስተዋል ያዘችኝ።

እንግዳው መጽሐፉን አስታቀፋት፤ ተጨበጨበ። ልወርድ ስል ማይኩን አፌ ላይ ደገነብኝ።

«የተረቱ ባለቤት እሳቸው ናቸው አሉኝ። እስቲ እናቴ፣ ለልጆቹ ይንገሩልን!»

ልጆቹ ጮኹ። «ተረት! ተረት! ተረት!» በእግራቸው መሬት ይመታሉ። አቧራው ተነሣ።

ራሴን ነቀነቅኩ። መምህር ጌታሰው ጠጋ ብሎ «መጀመሪያዋን ብቻ እትዬ» አለኝ።

«አልኩህ እኮ። አይሆንም።»

«አይፍሩ እናቴ» አለ እንግዳው።

ይኼኔ ነደደኝ። ማይኩን ከእጁ ወሰድኩት። «እኔ ሰው አልፈራም። ፀሐይዋን አያዩም? ሜዳ ላይ ያለች አለችኝ። ገና አልገባችም።»

ድምፄ ግቢው ዳር ካለው ማጉያ ተመልሶ መጣብኝ፤ የሌላ ሴት ድምፅ መሰለኝ። ልጆቹ ጩኸቱን ተዉ። ትልልቆቹ አንገታቸውን ደፉ፤ ብዙዎቹ ሜዳ ላይ ያለች አለቻቸው። እዚህ አገር ማን ቤት ነው የሌለው?

ማስተዋል ማይኩን ቀስ ብላ ከእጄ ወሰደች። ያቺ ከግድግዳ ወዲያ ካልሆነ በቀር ድምጿ የማይሰማ ልጅ።

«ዓይናችሁን ጨፍኑ» አለች።

አልገባቸውም፤ ተያዩ።

«ጨፍኑ! ፀሐይዋ ጠልቃለች። ከብቱም እየገባ ነው። ያልጨፈነ ሰው ተረቱን ያበላሻል።»

ከፊት ያሉት ሕፃናት ጨፈኑ። ከዚያ የኋለኞቹ። ከዚያ እናቶቹ፣ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ እየሳቡ። መምህር ጌታሰው ጨፈነ። እንግዳው ግራና ቀኙን አየና እሱም ጨፈነ። ደጅይጥኑ ብቻ ስልኬን ወደ ሰማይ አንሥታ በአንድ ዓይኗ ታያለች። ያ ሁሉ ሰው በጠራራ ፀሐይ ፊቱን ወደኔ አድርጎ ጨፍኗል፤ አንድም የሚያየኝ የለም። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ሰው ከቦኝ አያውቅም፤ እንደዚያን ቀንም ብቻዬን ሆኜ አላውቅም።

ማስተዋልም ጨፈነች። እጄን አልለቀቀችም።

እኔ አልጨፈንኩም። ሁሉም ሲጨፍን አንድ ሰው ከብቱን መጠበቅ አለበት። ዓይኔን የትምህርት ቤቱ በር ላይ ተከልኩ፤ ከበሩ ወዲያ የአውቶቡስ መናኸሪያው መንገድ ይታያል።

«ተረት ተረት» አልኩ።

«የላም በረት!» ግቢው ተናወጠ።

ነገርኳቸው። ጥጃይቱ በሜዳው ስትግጥ የደመና ጥላ መጣባት። ጥላው አረፈባት፤ ቀዘቀዘላት፤ እናቴ ናት አለች። ጥላው ሲሄድ ተከተለችው። ጋራውን ወጣ፤ ወጣች። ወንዙን ተሻገረ፤ ተሻገረች። ቁሚ የሚላት የለም፤ ጥላ አይናገርም። ሲመሽ ጥላው ጠፋ፤ ጥጃይቱ በሰው አገር ብቻዋን ቀረች። ሣሩ ሌላ ነው፤ ውኃው ሌላ ነው። እዚህ ስደርስ አንዲት ትንሽ ልጅ ጨፍና ስታለቅስ አየሁ። ቀጥሎ ያለውን አውቀዋለሁ፤ ሺህ ጊዜ ተናግሬዋለሁ። ላሟ በረቱ ደጅ ቆማ የምትጣራበት ነው። ሌሎቹ ከብቶች ገብተው፣ በሩ ሊዘጋ ሲል፣ አልገባም ብላ ትጣራለች፤ ጥጃይቱ ድምጿን ተከትላ ትመጣለች። እሱን ስናገር እንደ ላም ነው የምጮኸው። ለተሥላሴ በልጅነቷ እዚህ ስደርስ ተነሥታ አንገቴ ላይ ትጠመጠም ነበር።

በሩን አየሁ። ማንም የለም።

«ጥጃይቱም ተመለሰች» አልኩ። «አለቀ።»

ዓይናቸውን ገለጡ፤ አጨበጨቡ። ማስተዋል አየችኝ። መጽሐፉን የጻፈችው እሷ ናት፤ ምን እንደዘለልኩ ታውቃለች።

ደጅይጥኑ ፎቶ አላነሣችም፤ የነካችው ሌላ ነገር ሆኖ ሙሉውን ቀርጻዋለች። ምስሉ ግማሹ የዳሱ ሸራ፣ ግማሹ የሷ አውራ ጣት ነው፤ ድምፁ ግን ጥርት ያለ ነው። ማስተዋል በደስታ ወደ ራሷ ስልክ ወሰደችው። ከዚያ «ለእህቴ ለተሥላሴም በኢሞ ልላክላት?» አለችኝ።

«አሁን አይሆንም። ሲመሽ። እዚያስ መቼ ነው የሚመሸው?»

«እኩል ነው የሚመሸው እትዬ። ሰዓታችን አንድ ነው።»

ይኼን አላውቅም ነበር። እኔ እሷ ያለችበት ሁልጊዜ ሌላ ሰዓት፣ ሌላ ፀሐይ ይመስለኝ ነበር።

ፀሐይ ስትጠልቅ ላከችው። መልስ አልመጣም።

ክረምቱ ገባ። ማስተዋል ደሃና ወርዳ ከረመች፤ በመስከረም መጥታ ዕቃዋን ሸከፈች። ከመሄዷ በፊት ስልኩን አስተማረችኝ፤ ይቺን የማይክ ምልክት በአውራ ጣት ተጭኖ መናገር፣ ሲጨርሱ መልቀቅ። መጽሐፏንም ሰጠችኝ፤ የተሸለመችውን ሳይሆን የጻፈችውን። መኪናው ድረስ ሸኘኋት። በመስኮት አንገቷን አውጥታ «የላም በረት!» ብላ ጮኸችብኝ፤ ተሳፋሪው ሁሉ አየን።

ከዚያ ቤቱ እንደገና አፉን ዘጋ። ክፍሏን የሚከራይ መጣ፤ አላከራይም አልኩ። ደጅይጥኑ «ለአይጥ ነው የምታስቀምጪው?» አለችኝ፤ ለአይጥ ነው አልኳት። እኔ የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው፤ ፊደሉን እንደ ምስር አንድ በአንድ እየለቀምኩ ነው የማነበው። ቀን ቀን ብቅሉ ዳር ቁጭ ብዬ መጽሐፉን እገልጣለሁ። ድምፅ አላወጣም፤ ከንፈሬን ገጥሜ ነው። ላሟ የምትጣራበት ገጽ ስደርስ እዘጋዋለሁ።

ጥቅምት ውስጥ፣ ገና ፀሐይ ሳትገባ፣ ስልኩ ጮኸ። የለተሥላሴ ምልክት ነው፤ ድምፅ ልካለች። እጄ ላይ ብቅል ስለነበረ በቀሚሴ ጠርጌ ነካሁት።

«እማ።» ሹክሹክታ ነው። ከኋላዋ ውኃ ይወርዳል፣ ሳህን ይንኳኳል። «እማ፣ ደኅና ነኝ። ስልኬን ወስደውብኝ ነበር፤ ዛሬ ነው የሰጡኝ። ተረቱን ሰማሁት። ግን ዘለልሽው እኮ! ላሟ የተጣራችውን ዘለልሽው። እኔ እሱን ስጠብቅ አለቀ አልሽ። ለምን ዘለልሽው?» ከዚያ ሌላ ሴት ከሩቅ ስትጮህ ተሰማ፤ ተቆረጠ።

እግዚአብሔር ያውቃል፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። ከፋሲካ ጀምሮ ድምጿን አጥፍታ፣ ስትመጣ ተረት ልታርመኝ! ማይኳን ተጭኜ «መጥተሽ ራስሽ ጨርሺው!» ልላት ነበር። አውራ ጣቴን ምልክቷ ላይ አሳረፍኩ። ፀሐይዋ ጋራው ጫፍ ላይ ነበረች። አንሥቼ ተውኩት።

ቁጭ ብዬ ጠበቅኳት። ቀላች፤ ግማሿ ጠለቀ፤ ሁሏም ጠለቀች። እዚያም ጠልቃለች፤ እኩል ነው የሚመሸው። የጎረቤት ከብት እያጓራ ገባ። ተነሥቼ የግቢዬን በር ከፈትኩና ደጁ ላይ ቆምኩ። ተጫንኩ።

«ተረት ተረት» አልኩ። እሷ «የላም በረት» የምትልበትን ያህል ቆየሁላት። ከዚያ ሌሎቹ ከብቶች እንደገቡ፣ በሩ ሊዘጋ እንደነበረ፣ ላሟ ግን አልገባም ብላ ደጅ እንደቆመች ነገርኳት። ከዚያ ተጣራሁ። በሹክሹክታ አይደለም፤ እንደ ጥንቱ፣ ከሆዴ። «እምቧ! እምቧ ልጄ! ነይ!» ትንፋሼ እስኪያልቅ። ሲያልቅም እንደገና።

ለቀቅኩት። ሄደ።

ከአጥሩ ወዲያ የደጅይጥኑ ድምፅ መጣ። «አንቺ የትናየት! ላም ገዛሽ እንዴ?»

«አዎ!»

«ታዲያ ምን ሆና ነው የምትጮኸው? አታስገቢያትም?»

«ጥጃዋ ሜዳ ናት» አልኳት። «ገና አልገባችም።»

በሩን ሳልዘጋ ገባሁ።